ጃንጥላዋ ላይ አድርጊልኝ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር እንስማማ። የፓርቲዎቹን ስም አልጠራም፤ ምልክቶቻቸውንም ቀይሬያቸዋለሁ። ስም ከጠራሁ ግማሾቻችሁ «እሷማ የነሱ ናት» ብላችሁ ትዘጉኛላችሁ፣ ግማሾቻችሁ ደግሞ «የኛ ናት» ብላችሁ ያላልኩትን ትሰማላችሁ። ሁለቱንም አልፈልግም። ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

ስሜ ትዕግስት ነው። ስሙን ያወጡልኝ ሰዎች ቀልደውብኛል። የመኪና መንዳት አስተማሪ ነኝ። ከኢምፔሪያል ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መንገድ ላይ «ፍሬን! ፍሬን ያዝ እንጂ አንተ ሰውዬ!» እያለች የምትጮህ ሴት ሰምታችሁ ከሆነ እኔ ነኝ። መቀመጥ አልችልም፣ መጠበቅ አልችልም፣ የማላምንበትን ነገር ሰምቼ ማለፍማ ጭራሽ አልችልም። በምርጫው ሰሞን ደግሞ ብሶብኝ ነበር። ለአንዱ ፓርቲ ልቤን ሰጥቼ፣ ሠፈር ለሠፈር ወረቀት ስበትን፣ ስብሰባ ላይ ሳጨበጭብ ነበር የከረምኩት። ባለሱቋ «ማንም ያሸንፍ ማን፣ ዘይት ይቀንስልኛል?» ስትለኝ ደሜ ይፈላል። የማስተምራቸው ወጣቶች ደግሞ «ትዕግስትዬ፣ ኔትወርክ እንዳያጠፉብን ብቻ ጸልዪልን» እያሉ ይስቁብኛል። አንድም ሰው ከልቡ የሚከራከረኝ አልነበረም፣ ከጋሽ ዘለቀ በቀር።

ጋሽ ዘለቀ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ ጡረተኛ ቀያሽ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መሬት ሲለኩ ኖረው፣ ካለፈው ምርጫ በኋላ ግላኮማ ዓይናቸውን ወሰደባቸው። ባለቤታቸው ከዚያ በፊት ነው ያረፉት። ልጃቸው ዳዊት ሲኤምሲ ይኖራል፤ በየእሑዱ ፍራፍሬ ተሸክሞ ይመጣል። ጥሩ ልጅ ነው። አባቱ ምን ቢሉት «እሺ አባዬ» ነው መልሱ።

እኔ ግን እሺ አልልም። ከሥራ ስገባ ደረጃው ሥር ባለችው አግዳሚ ላይ ሬዲዮናቸውን ይዘው ይጠብቁኛል። የጫማዬን ኮቴ ያውቁታል።

«መጣሽ? ዛሬ ደግሞ ያ የናንተ ሰውዬ ምን ሲቀባጥር እንደዋለ ሰማሽው?»

ከዚያ በቃ ይለይልናል። እኔ በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው ሁሉንም ጠቅልሎ ይውሰድ የሚለው ሕግ አይዋጥልኝም። የተሸነፈው ሰው ድምፅ የት ይግባ? እንደየድምፃቸው ይካፈሉ እንጂ! ጋሽ ዘለቀ ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ። «እንዲያ ከሆነማ ፓርላማው የዕድር ስብሰባ ሊሆን ነው! አንዱ ይምራ፣ ካቃተው ይውረድ፣ አለቀ!» ይሉኛል። ጎረቤት በመስኮት «ኧረ እናንተ ሰዎች ልጅ እናስተኛበት!» እስኪለን እንጮሃለን። አንድ ቀን እንኳ ተኳርፈን አድረን አናውቅም።

አንድ አመል አላቸው። የምርጫ ቅስቀሳ ማስታወቂያ ሲጀምር ሬዲዮውን ጥርቅም ያደርጉታል። «የራሴን ፓርቲ ለኔው ሊያስተዋውቁኝ? ድሮ ጨርሻለሁ!» ይላሉ። ክርክሩን ብቻ ነው የሚሰሙት። ፓርቲያቸው ከሌላ ፓርቲ ጋር ሲዋሃድ ዜናውን ሰምተው ደስ ብሏቸው ከረሜላ አድለውናል።

የምርጫው ዕለት ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ብከፍት ጋሽ ዘለቀ ናቸው። ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው። ደረጃውን ብቻቸውን ግድግዳ እየዳበሱ ነው የወጡት።

«ጋሽ ዘለቀ! ምነው በሰላም?»

«በሰላም ነው። ልበሺና እንሂድ። ዛሬ ይዘሽኝ የምትገቢው አንቺ ነሽ።»

ሕጉን ታውቁት ይሆናል። ማየት የማይችል መራጭ የሚያምነውን ሰው ይዞ ወደ ምስጢራዊው ክፍል መግባት ይችላል። ማንን እንደሚይዝ የሚመርጠው ራሱ ነው። እኔን ይመርጣሉ ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም።

«ዳዊትስ?»

«ተዪኝ እስቲ ዳዊትን።»

«ጋሽ ዘለቀ፣ እኔ እኮ የማን ደጋፊ እንደሆንኩ ያውቃሉ።»

«እሱን ስለማውቅ ነዋ! ዳዊት የማን እንደሆነ አላውቅም። ምንም ብለው እሺ አባዬ ነው። እሺ የሚለኝን ሰው ጣቴን አስይዤ መጋረጃ ውስጥ አልገባም። አንቺ ያልወደድሽውን ፊት ለፊት ትነግሪኛለሽ። አላደርግም ካልሽም አሁኑኑ ትዪኛለሽ። ታደርጊዋለሽ ወይስ አታደርጊውም?»

«አደርገዋለሁ።»

«ማን ይሙት?»

«አባቴ ይሙት!»

«አባትሽን እኔው ራሴ አልቀበርኩም እንዴ? በሕይወት ባለ ሰው ማይ!»

ሳቄ መጣ። «እሺ፣ እናቴ ትሙት።»

«አሁን ገባኝ» አሉና ክንዴን ያዙ።

የምርጫ ጣቢያው እዚያው ሠፈር ያለ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ስንደርስ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ መንገድ ወጥቷል። አስተባባሪዎቹ «አባት፣ እርስዎ ወደፊት ይለፉ» ቢሏቸው እምቢ አሉ። «ተራዬን እጠብቃለሁ፤ ዓይኔ ነው እንጂ እግሬ አልታመመም።» እኔ ነኝ የታመምኩት! አንድ ቦታ መቆም ለኔ ቅጣት ነው። ካንዱ እግር ወደ ሌላው እየተቀያየርኩ፣ አንገቴን እያሰገግኩ፣ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ አልተንቀሳቀሰ እያልኩ ልቤ ወለቀ።

የሰኔ ዝናብ ደግሞ ሳያስታውቅ ወረደ። ሰዉ ሁሉ ጃንጥላውን ዘረጋ። ወዲያው አንድ ሰደርያ የለበሰ አስተባባሪ እየሮጠ መጣ።

«ጃንጥላ ዝጉ! ጃንጥላ የፓርቲ ምልክት ነው! ምልክት ይዞ መሰለፍ ክልክል ነው!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። «ዝናቡንስ ለማን እንክሰሰው?» አለ አንዱ። «መሰላል ይዘን ብንመጣ ይሻለን ነበር?» አለ ሌላው። አስተባባሪው ግን ፍንክች አላለም። ጃንጥላችንን አጥፈን በሰበስን።

ጃንጥላ የኔ ፓርቲ ምልክት ነው። ልቤ በኩራት አብጦ፣ ዝናቡ በአንገቴ ሲገባ እንኳ አልታወቀኝም። ጋሽ ዘለቀም ባርኔጣቸው እየተንጠባጠበ ፈገግ አሉ።

«አየሽ አይደል? ጃንጥላን እንዲህ ነው የሚፈሩት!»

እያሾፉብኝ መሰለኝ። «ገና ምን አይተው!» አልኳቸው። ሁለታችንም ከልባችን ሳቅን።

በሩ ጋ ልንደርስ ስንል ዳዊት መኪናውን አቁሞ እያለከለከ መጣ።

«አባዬ! ቤት ሄጄ ሳጣህ እኮ ልቤ ቀጥ ነው ያለው! ና፣ እኔ ይዤህ ልግባ።»

«ሰው ይዣለሁ።»

ዳዊት ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ትዕግስትን? አባዬ፣ እሷ እኮ ለማን ስትቀሰቅስ እንደከረመች ሠፈር ያውቃል!»

«እኔም አውቃለሁ።»

«እኔ ልጅህ እያለሁ…»

«ዳዊት፣ ውጭ ጠብቀኝ።»

«እሺ አባዬ» አለ። እኔን ግን በሚፋጅ ዓይን አየኝ። ደስ አላለኝም።

ውስጥ ገባን። የጣቢያው ኃላፊ ቁጥብ ያለች ወጣት ናት። በግድግዳው ጥግ የፓርቲ ወኪሎች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ የኛን ወኪል ከስብሰባ አውቀዋለሁ፣ በዓይኑ ሰላም አለኝ። ኃላፊዋ ካርዳቸውን አየች።

«አባት፣ ረዳትዎን የመረጡት ራስዎ ነዎት?»

«ራሴ ነኝ።»

ወደኔ ዞረች። «እሳቸው ያሉሽን ብቻ ነው የምታደርጊው። ምን እንደመረጡም ሆነ ውስጥ የተባባላችሁትን ለማንም አትናገሪም። ውስጥ የፓርቲ ስም ጮክ ተብሎ አይጠራም።» ፈረምኩ።

መጋረጃውን ገልጠን ገባን። ጠባብ ናት፤ ትከሻ ለትከሻ ነው የቆምነው። የጣት ቀለሟን አስጠጋሁላቸው።

«በእስክሪብቶ እንዳትጽፊብኝ። ጣቴን ራሴ ነኝ የማሳርፈው። አንቺ ቦታውን ብቻ አሳዪኝ» አሉ። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ተጫኑት። ወረቀቱን ዘረጋሁት። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ጃንጥላዋ ላይ አድርጊልኝ።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። አሸነፍኳቸው! ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ያለ ፍሬ አልቀረም! በስተርጅና ወደኛ መጡ! ላቅፋቸው እጄን ሳነሳ ቀጠሉ።

«ያኔ ዓይኔ እያየ የመረጥኩት እሷን ነው፤ ዛሬም ሳላይ እሷው ናት።»

እጄ አየር ላይ ቀረ።

ትዝ አለኝ። በቀደመው ምርጫ ጃንጥላው የሳቸው ፓርቲ ምልክት ነበር! ከሌላው ጋር ሲዋሃዱ ተዉትና መሰላል ያዙ፤ የኛዎቹ ደግሞ የተተወውን ጃንጥላ ወሰዱ። ይህን ሠፈር ሁሉ በየግድግዳው ላይ አይቶታል። ጋሽ ዘለቀ ግን ግድግዳ አያዩም። በሬዲዮም አልሰሙትም፣ ማስታወቂያ ሲመጣ ይዘጉታል። እኔና እሳቸው ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ስንጨቃጨቅ ስለ ሰዎቹና ስለ ሕጉ እንጂ ስለ ምልክት አንድ ቀን አውርተን አናውቅም።

ከፊቴ ጃንጥላው አለ። ጣታቸው በእጄ ውስጥ ነው። ያሉኝ «ጃንጥላዋ ላይ» ነው። ሕጉም «ያሉሽን ብቻ» ነው የሚለው። ዝም ብዬ ባደርገው ማንም አይከሰኝም፣ ሕሊናዬን እንኳ ላታልለው እችል ነበር። ለአንዲት ቅጽበት ይህን አሰብኩ። ከዚያ አፌ ቀደመኝ።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ጃንጥላው የርስዎ አይደለም።»

«ምን አልሽ?»

«ምልክታችሁ ተቀይሯል። ዘንድሮ መሰላል ናችሁ። ጃንጥላው የኛ ነው።»

ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ፊታቸው ቀስ በቀስ ሲጠቁር አየሁት።

«ትዕግስት» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «እዚህ ውስጥ ነው እንዴ የጠበቅሽኝ?»

«እንዴ! ኧረ በማርያም! እውነቴን ነው!»

«ውጭ ጃንጥላ ዝጉ ሲሉ ስቀሽ የለም? ያኔ ለምን አልነገርሽኝም? እዚህ ሲደርስ ነው የተቀየረው?»

«የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነዋ! እናቴ ትሙት እያልኩዎት…»

«እናትሽን ተዪያት!» አሉ በቁጣ። «እናትሽን ለፓርቲ አትገብሪ!»

ምን ልበላቸው? የምናገረው እውነት ነው፤ እውነቱ ግን ቁርጥ አንድ አታላይ የሚናገረውን ነው የሚመስለው። እኔ ራሴ በሳቸው ቦታ ብሆን አምን ነበር? አንዲት ቀንደኛ ተቃዋሚዬ መጋረጃ ውስጥ አስገብታ «የምትወደው ምልክት ያንተ አይደለም፣ እዚህኛው ላይ አድርግ» ብትለኝ?

ኃላፊዋ ከውጭ «ችግር አለ እንዴ?» አለች።

ጋሽ ዘለቀ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «አለ እንጂ! እስቲ ንገሪኝ ልጄ፣ ዘንድሮ ጃንጥላ የማን ነው?»

መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየኋት። ልጅቷ ግራ ተጋብታ ወደ ወኪሎቹ ዞረች። የኛው ወኪል እጁን አወጣ።

«ይቅርታ፣ ይሄ ቅስቀሳ ነው። እዚህ ውስጥ ስለ ፓርቲ ማስረዳት አይቻልም።»

የመሰላሉ ወኪል ጉዳዩ ሳይገባው፣ ሰውየው የራሱ መራጭ መሆናቸውን ሳያውቅ፣ «አዎ፣ ደንቡ ይከበርልን» ብሎ ደገፈው! ሁለቱ ፓርቲዎች ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ልጮህባቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ምን እላለሁ ግን? የጋሽ ዘለቀን ምስጢር ልዘርግፈው?

«አባት፣ እኛ ምንም ማለት አንችልም። ረዳትዎን ይጠይቁ» አለች ኃላፊዋ።

ረዳታቸው እኔ ነኛ።

መጋረጃው ተመልሶ ወደቀ። ጋሽ ዘለቀ ከረባታቸውን አስተካከሉ። «ጃንጥላዋ ላይ» አሉ። «የመጨረሻ ቃሌ ነው።»

ጣታቸውን ያዝኩት። መሰላሉ ከጃንጥላው አንድ መስመር ነው ዝቅ የሚለው። አንድ መስመር! ዝቅ ባደርገው የልባቸውን አደረግኩላቸው። አያውቁም። ግን ያሉኝ እሱን አይደለም። የማያይ ሰው ጣት ይዤ «ለርስዎ የሚበጀውን እኔ አውቃለሁ» ልል ነው? ያ ነገር ከተጀመረ የት ይቆማል? ጣታቸውን ጃንጥላው ላይ አሳረፍኩት። አጥብቀው ተጫኑት።

«ጃንጥላዋ ላይ ነው?»

«ጃንጥላዋ ላይ ነው» አልኩ። አለቀስኩ፤ እሳቸው ግን አላወቁም።

ወረቀቱን አጥፈው ወደ ሣጥኑ ስንሄድ ክንዳቸውን ያዝ አደረግኩ። «ጋሽ ዘለቀ፣ ገና ነው። ተሳስቻለሁ ብለው ቢመልሱት ሌላ ወረቀት ይሰጡዎታል። ወጥተው ዳዊትን ይጠይቁት፣ እለምንዎታለሁ…»

«ልቀቂኝ።»

የሣጥኑን ቀዳዳ በጣታቸው ፈልገው አገኙት። ወረቀቱ ገባ።

ውጭ ዝናቡ አባርቷል። ዳዊት እየሮጠ መጣ። «አባዬ፣ እንዴት ሆነ? ደህና ገባ?»

«ገባ እንጂ!» አሉ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብለው። ለኔ መሆኑ ገብቶኛል። «ሊያዞሩኝ ሞክረው ነበር። እኔ ግን ጃንጥላዬን መርጬ ወጣሁ!»

ዳዊት ደርቆ ቀረ። «ምንህን?»

«ጃንጥላዬን።»

«አባዬ… ያንተዎቹ እኮ ዘንድሮ መሰላል ናቸው። ጃንጥላ የሷ ነው።»

ቀጥሎ የሆነውን በቅጡ መናገር ያስቸግረኛል። ዳዊት ወደኔ ዞረ። ያ እሺ ባይ ልጅ የአንገቱ ሥር ተገትሮ መጮህ ጀመረ። «ዓይነ ስውር ሰው ታታልያለሽ? አባቴን? ምን አድርጎሽ ነው?» ሰልፈኛው ተበትኖ ከበበን። «ወይ ጉድ! እሷ ናት እንዴ?» «ወረቀት ስትበትን የነበረችው!» «እግዜርን አትፈሪም?» ሊቀርጽ ስልኩን የሚያነሳ አነሳ። አንድ ፖሊስ «ምንድነው እሱ?» እያለ ሰው እየገፋ መጣ። ኃላፊዋም ብቅ አለች።

ምን እንደመረጡ ተናግረዋል፤ እኔ የምናገረው ግን ሌላ ነው። ውስጥ የተባባልነውን ነው። ያንን እንዳልናገር ፈርሜያለሁ። ብናገርስ ማን ያምነኛል? እሳቸው ራሳቸው ያላመኑኝን! ሕይወቴን ሙሉ አፌ ለደቂቃ ተዘግቶ የማያውቅ ሴት፣ የስድብ ዶፍ ሲወርድብኝ ቆሜ ዝም አልኩ። ጋሽ ዘለቀን ብቻ ነበር የማየው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘውታል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ዝም ቢሉ በቃ አለቀልኝ። ሠፈር ሁሉ ይነሳብኛል፣ ሊከሱኝም ይችላሉ። ቢናገሩ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሊያፍሩ ነው። ኩሩ ሰው ናቸው። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

«ነግራኛለች!»

ሁሉም ዞረ።

«ነግራኛለች እኮ ነው የምላችሁ! ምልክትዎ ተቀይሯል፣ መሰላል ላይ ያድርጉ ብላ ለምናኛለች። በእናቷ ምላልኛለች። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ልታታልለኝ ነው ብዬ ዘጋሁባት።» «እሷን ተዋት ዳዊት። አምኜ ይዣት ገባሁ፣ እውነቱን ስትነግረኝ ከዳኋት።»

ሰዉ አንድ በአንድ ተበተነ። ይቅርታ ያለኝ የለም። ፖሊሱ «በሉ ሰልፋችሁን ያዙ» ብሎ ሄደ። ጋሽ ዘለቀ እርጥብ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ዳዊት ሊያነሳቸው ቢሞክር እጁን ያዙት።

«አንተ መቀየሩን ታውቅ ነበር?»

«አዎ አባዬ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ዳዊት መሬት መሬት አየ። «ስለ ፓርቲ ካወራን ትቆጣለህ ብዬ… ተወያይተን አናውቅማ።»

«አናውቅም» አሉ ጋሽ ዘለቀ። «ድምፄን ለማልፈልገው ሰው ሰጥቼ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ምርጫ ማየቴንም እንጃ።» እንባቸውን ባርኔጣቸው ላይ አፈሰሱት። ልቤ ተሰበረ። እኔ ነበርኩ እኮ በዚያች ድምፅ ያተረፍኩት! ሳልለምን ያገኘሁት አንድ ድምፅ በእጄ ገብቷል፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ ሰውነቴን ይበላኝ ጀመር።

ዳዊት በመኪና ወሰዳቸው። እኔ ገና አልመረጥኩም ነበር። ተመልሼ ሰልፍ ያዝኩ። ሰዉ ከኔ ራቅ ብሎ ይቆማል። መቆም አልቻልኩም፣ መሄድም አልቻልኩም። ለወራት የደከምኩለት ፓርቲ አለ፤ የማምንበት፣ ዛሬም የማምንበት። ተራዬ ሲደርስ ያችው መጋረጃ ውስጥ ብቻዬን ገባሁ። እስክሪብቶውን ይዤ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። ኃላፊዋ «ጨረስሽ?» አለችኝ። «አንዴ» አልኳት። ከዚያ መሰላሉ ላይ ምልክት አደረግኩ።

እንግዲህ የሳቸው ጃንጥላ ላይ፣ የኔ መሰላል ላይ። ቆጠራው ላይ የጎደለ ነገር የለም። የሳቸውም ሐሳብ ደረሰ፣ የኔም ደረሰ፤ በሌላ ሰው እጅ ብቻ ነው የደረሰው።

ለፓርቲ ጓደኞቼ ስነግራቸው አንደኛዋ «በነፃ የመጣልሽን ድምፅ ወርውረሽ መጣሽ?» አለችኝ። ሌላው እስካሁን ሰላም አይለኝም። ትክክል ሠርቼ ይሁን አልሠራሁ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። አንዳንድ ቀን ደግ አደረግሽ እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን ማን ዳኛ አደረገሽ እላለሁ። የተለወጠ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፦ ከማልስማማው ሰው የሰማሁትን ነገር ጥዬ ከማለፌ በፊት ልቤ ይረብሸኛል። ምናልባት እውነቱን እየነገረኝ ቢሆንስ? እናንተስ፣ በመጋረጃው ውስጥ የቆማችሁት እናንተ ብትሆኑ፣ የምትጠሉት ፓርቲ ደጋፊ «ተሳስተሃል» ቢላችሁ ጣታችሁን ታነሱ ነበር? ቶሎ አትመልሱልኝ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ጋሽ ዘለቀ አግዳሚዋ ላይ ነበሩ። ሬዲዮው ተዘግቷል። አጠገባቸው ተቀምጬ ያደረግኩትን ነገርኳቸው። ማስረጃ የለኝም፤ ድምፅ ምስጢር ነው፣ ወረቀቱ ከሌላው ወረቀት ጋር ተቀላቅሏል። እንደገና ከቃሌ በቀር ምንም የለኝም።

«ያምኑኛል?» አልኳቸው።

እጃቸውን ዘርግተው እጄን ፈልገው ያዙ።

«አምንሻለሁ» አሉ። «ግን እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን አላደርገውም ነበር።»